ትንሹ ስለ ትልቁ አይክፈል

ማለዳ አስኮ ላይ ከመንገድ ዳር ቆሞ ለሚያስተውል ሰው፣ አዲስ አበባን ከምዕራቡ የአገራችን ክፍል ጋር የሚያገናኘው መስመር ራሱን የቻለ የትምህርት መጽሐፍ ነው። ከቡራዩ፣ ከሆለታ፣ ከአምቦና ከነቀምት አቅጣጫ የሚመጡ የሕዝብ ማመላለሻ አውቶቡሶች፣ ተሳፋሪ የሞላባቸው ሚኒባሶች፣ ድንችና ጎመን የጫኑ አይሱዙዎች፣ አሸዋና ድንጋይ የተሸከሙ ገልባጭ መኪኖች፣ ባለ ተሳቢ ከባድ ተሽከርካሪዎች፣ ባጃጆችና አህያ የሚነዱ ገበሬዎች ሁሉም አንዱን አስፋልት ይጋራሉ። በዚህ መስመር ላይ የመንገድ መጠቀሚያ ክፍያ የሚሰበሰብበት ጣቢያ የለም። ይህ ማለት ግን ለመንገዱ የሚከፍል የለም ማለት አይደለም። መንገድ ይሠራል፣ ያረጃል፣ ይጠገናል፤ ለዚህ ሁሉ ገንዘብ የሚያወጣ ወገን አለ። ለመሆኑ ከእነዚህ መንገደኞች መካከል የትኛው ምን ያህል መክፈል ይገባዋል? በዚህ ጽሑፍ ለማንሳት የፈለግነው ይህን ጥያቄ ነው።

ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። እንደሚታወቀው አገራችን የመጀመሪያውን የክፍያ ፈጣን መንገድ ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ ዘርግታ በ2006 ዓ.ም. አስመርቃለች። ከዚያም በኋላ የድሬዳዋ–ደወሌ እንዲሁም የሞጆ–መቂ–ባቱ መንገዶች በክፍያ የሚያገለግሉ ሆነዋል። ለሌሎቹ መንገዶች ጥገና ደግሞ በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ገቢውን በዋነኛነት ሲያገኝ የቆየው በነዳጅ ላይ ከተጣለ ክፍያ ነው። ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል፤ በኤሌክትሪክ የሚነዱት ተሽከርካሪዎችም እየበዙ ነው። ነዳጅ የማይቀዳ መኪና በነዳጅ በኩል ለመንገድ አይከፍልም። ስለዚህ ቀረጡ ዛሬ ወይም ነገ ከነዳጅ ማደያው ወደ መንገዱ ራሱ መሻገሩ የማይቀር ይመስለናል። ታሪፉ ከመውጣቱ በፊት ግን የሚሰላበትን መርሕ ማጥራት ይገባል እንላለን።

መርሑን ለማግኘት ለጥቂት ጊዜ ከአስፋልቱ ወጥተን ወደ ውሃ እንሂድ። በአንድ ጠባብ መተላለፊያ ትልቁና ትንሹ ሲያልፉ ዋጋው እንዴት ይወሰን የሚለው ጥያቄ በጥልቀት ከታየባቸው ስፍራዎች ዋነኞቹ የመርከብ ቦዮች ናቸውና።

የፓናማ ቦይ መርከቦችን ከአትላንቲክ ወደ ፓስፊክ ውቅያኖስ የሚያሻግረው በደረጃ እያወጣና እያወረደ ነው። መርከቡ በሮች ባሉት ግዙፍ የኮንክሪት ገንዳ ውስጥ ይገባል፤ በሮቹ ይዘጋሉ፤ ከላይ ካለው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ውሃ ሲለቀቅ መርከቡ ከውሃው ጋር ከፍ ይላል። በማዶ በኩል ሲወርድ ውሃው ወደ ባሕር ይፈሳል። በአሮጌዎቹ ገንዳዎች አንድ መርከብ ከባሕር እስከ ባሕር ለማሻገር 200 ሚሊዮን ሊትር ያህል ጣፋጭ ውሃ ይጠፋል። ይህን መጠን በቅርብ በምናውቀው ነገር እንመዝነው፦ ከአስኮ ወደ አምቦ በሚወስደው በዚሁ መንገድ ዳር የሚገኘው የገፈርሳ ግድብ ለአዲስ አበባ የሚያቀርበው ውሃ በቀን 30,000 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። እንግዲህ የአንዲት መርከብ ማለፊያ የገፈርሳን የአንድ ሳምንት ያህል ውሃ ይጨርሳል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ አስገራሚ ነገር ይከሰታል። ገንዳው የሚፈልገው ውሃ በውስጡ በቆመው መርከብ ክብደት አይወሰንም። የሺህ ኮንቴይነሮች መርከብም ሆነች የሁለት ሰዎች የመዝናኛ ጀልባ ብቻዋን ብትገባ ከሐይቁ የሚለቀቀው ውሃ ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 ሪቻርድ ሃሊበርተን የተባለ አሜሪካዊ ጸሐፊ ቦዩን በዋና ባቋረጠ ጊዜ እንደ መርከብ ተመዝኖ 36 ሳንቲም ብቻ ከፍሏል። በክብደት ሕግ ዋጋው ትክክል ነበር፤ በውሃው ሕግ ግን ሰውየው የመርከብ ዕዳ ነበረበት። በ2023 እ.ኤ.አ. በፓናማ ድርቅ በመታ ጊዜ የቦዩ አስተዳደር በመደበኛ ጊዜ በቀን ወደ 36 የሚደርሱትን መርከቦች ወደ 24 ገደማ ለመቀነስ ተገዷል። እንዲህ ባለ ጊዜ እያንዳንዷ የገንዳ ሙሌት የምትጎዳ ወይም የምትጠቅም ናት።

ታዲያ ትንሿ ጀልባ እንደ ትልቁ መርከብ ትክፈል? ቢባል ባለ ጀልባዎቹ ፈጽሞ አይችሉትም። የቦዩ አስተዳደር ለትናንሾቹ በርዝመታቸው ልክ ቁርጥ ዋጋ አውጥቶላቸዋል፤ በገንዳው ውስጥም አብዛኛውን ጊዜ ጎን ለጎን ታስረው ወይም ከትልቅ መርከብ ኋላ ተጠግተው በአንድ ውሃ በጋራ ያልፋሉ። የሱዌዝ ቦይ ሁኔታ ደግሞ ሌላ ነው። በ1869 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ይህ ቦይ ከባሕር ጋር እኩል በመሆኑ ገንዳም ደረጃም የለውም፤ ጀልባ ስታልፍበት የሚባክን ጣፋጭ ውሃ የለም። እዚያ ውድ የሆነው ነገር ጊዜና የመርከቦቹ ተራ ነው። ክፍያው የሚሰላበት መለኪያም በ1873 እ.ኤ.አ. ቁስጥንጥንያ ላይ በተደረገ ዓለም አቀፍ ጉባኤ የተወሰነ ሲሆን፣ የሚለካው መርከቡ ገቢ የሚያገኝበት የውስጥ ስፋት ነው።

ከሁለቱ ቦዮች የምንወስደው ትምህርት አጭር ነው። ፍትሐዊ ዋጋ ተላላፊው ትልቅ ነው ወይስ ትንሽ፣ ሀብታም ነው ወይስ ድኻ ከሚል ጥያቄ አይጀምርም። የሚጀምረው «ይህ ተላላፊ ሲያልፍ ምን ያልቃል?» ከሚለው ነው። በፓናማ ውሃ ያልቃል፤ በሱዌዝ ተራ ይያዛል። በአስፋልት ላይስ?

በአስፋልት ላይ የሚያልቀው አስፋልቱ ራሱ ነው። የተሽከርካሪ ክብደት ወደ መንገዱ የሚተላለፈው በአክስሎቹ፣ ማለትም የግራና የቀኝ ጎማዎችን በሚያያይዙት ብረቶች በኩል ነው። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት ለዚሁ ሲባል በተሠሩ መንገዶች ላይ ልዩ ልዩ ጭነት የያዙ መኪኖች ያለ ዕረፍት እንዲመላለሱ ተደርጎ ጉዳቱ ተለክቷል። ከዚህ ሙከራ የተገኘው ውጤት በመንገድ ምሕንድስና የአራተኛው ኃይል ሕግ ተብሎ ይታወቃል፦ በአንድ አክስል ላይ ያረፈው ክብደት በእጥፍ ቢጨምር በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት በእጥፍ ሳይሆን በ16 እጥፍ ይጨምራል። ሕጉ ግምታዊ ነው፤ እንደ አስፋልቱ ዓይነትና ጥንካሬ ቁጥሩ ከፍና ዝቅ ይላል። የሚያሳየው አቅጣጫ ግን አያጠራጥርም።

ወደ አስኮ ተመልሰን ሒሳቡን እንሥራው። የተሞላ ሚኒባስ በአንድ አክስሉ ላይ 1.5 ቶን ያህል ቢያሳርፍና የከባድ መኪና አክስል 10 ቶን ቢያሳርፍ የክብደታቸው ልዩነት 7 እጥፍ እንኳ አይሞላም፤ የጉዳታቸው ልዩነት ግን ወደ 2,000 እጥፍ ይደርሳል። የኋላ አክስሉ 5 ቶን የተሸከመ አይሱዙ ከ10 ቶኑ አክስል አንጻር የሚያደርሰው ጉዳት አንድ አሥራ ስድስተኛ ነው። ያው ባለ 10 ቶን አክስል ሁለት ቶን አሸዋ ተደርቦበት 12 ቶን ቢሆን ደግሞ ጭነቱ በአንድ አምስተኛ ብቻ ሲጨምር ጉዳቱ ከእጥፍ ያልፋል። አሁን ነዳጁን እንመልከት። ተሳቢ የሚጎትት ከባድ መኪና በአንድ ኪሎ ሜትር የሚያቃጥለው ከሚኒባሱ አራት እጥፍ ያህል ቢሆን ነው። በነዳጅ በኩል የሚከፈለው ቀረጥ እንግዲህ አራት እጥፍ ሲሆን፣ ጉዳቱ በሺህ የሚቆጠር እጥፍ ነው። ልዩነቱን የሚሸፍነው ማን ነው? ሚኒባሱና በውስጡ የተሳፈረው ሕዝብ ነው።

ከዚህ ላይ ተነሥተን ከባድ መኪና ጠላት ነው ልንል አንሻም። የምንበላው ጤፍ፣ ቤታችን የተሠራበት ሲሚንቶ፣ ከጅቡቲ ወደብ የሚነሣው ዕቃ በአብዛኛው የሚመጣው በእነዚህ መኪኖች ነው። ዋናው ነገር ጭነቱ እንዴት ተከፋፍሎ እንደተጫነ ነው። 20 ቶን በሁለት አክስል ላይ ሲያርፍና በአራት አክስል ላይ ሲያርፍ የመኪናው ጭነት ያው ነው፤ ጉዳቱ ግን በሁለተኛው አኳኋን ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ለሌላ ጉዳይ ቢሆንም፣ የአራተኛውን ኃይል ሕግ ከዚህ አሳምሮ የሚገልጽ አባባል አናገኝም። ስለዚህ ክፍያው በአክስል ላይ በሚያርፈው ክብደት ቢሰላ ባለ መኪናው አክስል መጨመር ይጠቅመዋል፤ መንገዱም ዕድሜ ያገኛል። ክፍያው በመኪናው ትልቅነት ብቻ ቢሰላ ግን ባዶውን የሚመለሰውና ከልክ በላይ የጫነው እኩል ይከፍላሉ፤ ከልክ በላይ መጫንም አትራፊ ሆኖ ይቀጥላል።

በዚህ አስተያየት ላይ ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች አሉ፤ ልናልፋቸውም አይገባም። አንደኛው፣ የመንገድ ወጪ ሁሉ ከክብደት የመጣ አይደለም የሚል ነው። እውነት ነው። መሬቱ፣ ድልድዩ፣ የመንገዱ ስፋትና መብራቱ መኪና ቢከብድም ባይከብድም ወጪ ናቸው። ክረምት ሲገባም ቦዩ የተደፈነ መንገድ ውስጥ ዘልቆ የሚገባው ዝናብ ለአስፋልት ከጎማ ያላነሰ ጠላት ነው። ይህ ድርሻ ለሁሉም ይከፋፈል፤ ትንሹም ፈጽሞ በነጻ ይለፍ አንልም። የሚከፋፈለውም መኪናው በሚይዘው ስፍራ ልክ ቢሆን ደግ ነው። ስፍራ ሲባልም በሰው ልክ መታየት አለበት። 60 ሰው የጫነ አውቶቡስ የሦስት አውቶሞቢሎችን ቦታ ቢይዝ እንኳ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የሚደርሰው ቦታ እጅግ ጥቂት ነው፤ የፓናማ ትናንሽ ጀልባዎች በአንድ ውሃ እንደሚያልፉት ሁሉ ተሳፋሪዎቹም በአንድ ስፍራ በጋራ ያልፋሉና።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባዱ መኪና ብዙ ቢከፍል የእህልና የሲሚንቶ ዋጋ ይንራል የሚል ነው። ስጋቱ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የፈረሰ መንገድም ዋጋ ያስከፍላል፤ ጎማ ይበላል፣ ስፕሪንግ ይሰብራል፣ ቲማቲም መንገድ ላይ ይበሰብሳል። ይህ የተደበቀ ቀረጥ ደረሰኝ የለውም፤ የሚወርደውም ባጠፋው ላይ ሳይሆን በሁሉም ላይ ነው። ግልጹ ክፍያ ግን ጭነቱን በአግባቡ ያከፋፈለውን ነጋዴ ይምራል፤ የሚቀጣው ከልክ በላይ የጫነውን ብቻ ነው።

እንግዲህ ወደፊት በአስኮ መስመርም ሆነ በሌላ መንገድ ክፍያ ቢጣል አራት ነገሮች ይሟሉ ዘንድ እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ታሪፉ በሦስት ይከፈል፦ ለሁሉም የሚሆን አነስተኛ መነሻ፣ መኪናው ለሚይዘው ስፍራ የሚከፈል፣ በየአክስሉ ለሚያርፈው ክብደት የሚከፈል። ሁለተኛ፣ ክብደቱ በዓይን አይገመት፤ መኪና ሳይቆም በአስፋልቱ ውስጥ በተቀበረ መሣሪያ የሚመዝን ዘዴ በዓለም ላይ ከታወቀ ቆይቷል። ሦስተኛ፣ ስሌቱ ለሕዝብ ይገለጽ፤ ሚኒባስ ነጂውም የከፈለው ለምን እንደሆነ ይወቅ። አራተኛ፣ ክፍያ የሚጣለው ሌላ አማራጭ ባለበት ይሁን። ወደ አዳማ የሚሄድ መንገደኛ መክፈል ባይፈልግ በቢሾፍቱ በኩል አሮጌው መንገድ አለለት። ከአስኮ ወደ ምዕራብ ያለው ዋና መንገድ ግን አንድ ነው፤ አንዱን መንገድ በክፍያ መዝጋት ከሆለታ ጎመን ይዛ ለምትመጣ ሴት በር መዝጋት ይሆናል።

ኬላ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በቀድሞው ዘመን ሲራራ ነጋዴ በየበሩ እየቆመ ቀረጥ ይከፍል ነበር፤ ልኩን የሚወስነውም ብዙውን ጊዜ የኬላው ሹም ዓይንና ፈቃድ ነበር። በአንዱ ኬላ የከፈለ በሚቀጥለው ደግሞ ይጠየቃል። ከዚያ ዘመን «ኬላ» የሚለው ቃል ከነምሬቱ ተርፎልናል። የዛሬው የክፍያ ጣቢያ ከቀድሞው ኬላ የሚለየው በሲሚንቶ በመሠራቱ ወይም ኮምፒዩተር ስላለው አይደለም። የሚለየው ልኩ ከሹሙ ዓይን ወጥቶ ሁሉም ሊያመሳክረው በሚችል ሚዛን ላይ ሲያርፍ ነው።

የሳይንስ ትምህርት ቤት ድርሻም እዚህ ላይ ነው። ታሪፍ ማውጣት የመንግሥት ሥራ ነው፤ ሒሳቡን ማቅረብና ሲሳሳት መንገር ግን የእኛ ነው። ተማሪዎቻችን አንድ ቀን አስኮ ላይ ወርደው የሚያልፉትን መኪኖች በዓይነትና በአክስል ቁጥር ቢመዘግቡ፣ ከላይ ያለውን ስሌት በገዛ እጃቸው ሊደግሙት ይችላሉ። ያን ጊዜ በማለዳ በሚኒባስ ተጨናንቆ ወደ ሥራው የሚሄደው ሰው ከጎኑ የሚያልፈውን የአሸዋ መኪና ዕዳ ተሸክሞ እንደኖረ በቁጥር ይታያል። ዕዳውን ከእርሱ ላይ ማውረድ የሚቻለውም ይህ ቁጥር በታሪፉ ውስጥ ሲገባ ነው።