ዝንቡ ሸለቆ ውስጥ ነው

በሀገራችን የምህንድስና መመረቂያ ጥናት ሲቀርብ በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ዘንድሮ ለሮቦት መንገድ የሚፈልግ የጉንዳን ቀመር ነው፣ አምና የንብ ነበር፣ ካቻምና የተኩላ መንጋ። ሮቦቱ ግን ሁሌም ኮምፒውተር ላይ በተሣለ ባዶ አራት ማዕዘን ውስጥ ይመላለሳል። አንድ ኩርባ መስመር ወደ ታች ይወርዳል፣ "ተሻሽሏል" ይባላል፣ ይጨበጨባል።

እኔ የቆላ ሰው ልጅ ነኝ። የቆላ ዝንብ የሚያስተላልፈው ገንዲ የተባለ በሽታ የያዘው በሬ በእርሻ ወቅት ከስቶ፣ ፀጉሩ ቆሞ፣ ቀንበር መሸከም ሲያቅተው አይቻለሁ። የዚያ ቤት ዓመት በዚያው ያከትማል።

በጋሞና በአካባቢው ቆላ ሮቦት ሊሸፍነው የሚገባ እውነተኛ መሬት አለ። የደቡብ ስምጥ ሸለቆ የቆላ ዝንብ ማጥፊያ ፕሮጀክት በ1989 ዓ.ም. ሲጀመር 25,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይዞ ተነሣ። ዘዴው ይህ ነበር፦ ቃሊቲ ላይ ዝንብ ይረባል፣ ወንዱ በጨረር ይመክናል፣ ከአውሮፕላን ይበተናል። እንስቷ አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜዋ አንዴ ብቻ ስለምትጠቃ ከመካን ወንድ ጋር ከተገናኘች ዘር አትተካም። የዛንዚባሯ ኡንጉጃ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1997 ከዝንቡ ነፃ የተባለችው በዚህ ዘዴ ነው። ለኢትዮጵያው የመበተን ሥራ ኤምቤንሽን የተባለ የስፔን ኩባንያ ድሮን ሠርቷል።

እንግዲህ ድሮኑ በየት ይብረር? በየትኛው አቅጣጫ፣ ስንት ጊዜ ዞሮ? እያንዳንዱ መታጠፊያ ባትሪ ይበላል። አንዲት የወንዝ ዳር ጥሻ ከተዘለለች እዚያ የተረፉት እንስቶች ሸለቆውን መልሰው ይሞሉታል። ጨንቻ ደጋ ላይ ዝንቡ የለም፤ እዚያ መብረር ብክነት ነው። ነጭ ሣር ፓርክ ላይ ግን አለ። ይህን ልዩነት የትኛው ባዶ ሳጥን ያሳያል?

ቀመሩን አልጠላም። ተመራማሪው ማርኮ ዶሪጎ እ.ኤ.አ. በ1992 ያቀረበው የጉንዳን ዘዴ ቁም ነገር አለው። ሸለቆውን በየቁራጩ ከፍለህ፣ እያንዳንዱን እንደ ገበሬ ትልም ወዲያ ወዲህ እያልህ ትሸፍናለህ፤ ከየትኛው ቁራጭ ወደየትኛው መሻገር እንደሚያዋጣ የሚፈልግልህ ጉንዳኑ ነው። በአጭሩ መንገድ ላይ የሚተወው ምልክት ይጠነክራል፣ በረጅሙ ላይ ይተናል። ከዚያ ወዲህ የመጣው የእንስሳት ስም ሰልፍ ግን አብዛኛው የድሮ ሐሳብ በአዲስ ስም ነው፤ ተመራማሪው ኬኔት ሶረንሰን እ.ኤ.አ. በ2015 ይህንኑ በአደባባይ ጽፎታል። እኛ ዛሬም ያንኑ እየቀዳን ልጆቻችንን እናስመርቃለን!

አማካሪዎች ሆይ፣ በዚሁ ሸለቆ ካርታ፣ በዚሁ ነፋስና በዚሁ ባትሪ ተራውን የትይዩ መስመር በረራ ያላሸነፈ ጥናት አታሳልፉ። ዝንቡን የሚከታተለው መሥሪያ ቤትም በወጥመድ የተያዙትን ዝንቦች መረጃ ለተማሪዎች ይክፈት። ሸለቆው ደጃፉ የሆነው አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ቀድሞ ይጀምረው፤ በዚህ ዓመት፣ በሬዎቹም ጊዜውም ሳያልቁ።