ሹራብ ሠሪዋና የባዛሩ ዋጋ

የእጅ ሥራ ባለሙያ ነፃ ናት ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው ቀጣሪ የሌላት፣ ሰዓት የማይቆጠርባት፣ መርፌዋንና ክሯን ይዛ በፈቀደችው ጊዜ የምትሠራ፣ የሠራችውንም በፈቀደችው ዋጋ የምትሸጥ ሴት ናት። ይህ አመለካከት የነገሩን ውጫዊ መልክ ብቻ የሚያይ እንጂ ውስጡን የሚመረምር አይደለም። ቀጣሪ የሌለው ሁሉ አዛዥ የለውም ማለት አይደለምና። ክሩን የሚያቀርበው ነጋዴ፣ የባዛሩን ቦታ የሚያከራየው አዘጋጅ፣ ልባሽ ጨርቅ ከጎኗ የዘረጋው ቸርቻሪ፣ ሁሉም በየተራው ያዟታል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረውም ይህንኑ ስውር ትእዛዝ ነው።

ጉዳዩን ከአንድ ተጨባጭ ቦታ ተነሥቶ መመልከት ይበጃል። የእስቴዋ ከተማ መካነ ኢየሱስ የምትገኘው በደቡብ ጎንደር ደጋ፣ ከፍታው ከ4,100 ሜትር በላይ ከሆነው ከጉና ተራራ በስተደቡብ ምዕራብ ነው። በዚያ ብርድ አገር በግ ለሥጋው ብቻ ሳይሆን ለጠጉሩም ይፈለጋል። ጠጉሩ ይሸለታል፣ ይታጠባል፣ በደጋን ይነደፋል፣ በእንዝርት ይፈተላል፣ በመጨረሻም ተሸምኖ ባና ይሆናል። ከእነዚህ የሥራ ደረጃዎች ውስጥ ረጅሙን ጊዜ የሚበላው ፈትል ሲሆን፣ በቆየው የሥራ ክፍፍል መሠረት ፈታይዋ ሴት፣ ሸማኔው ወንድ ነው። ሸማኔው የሽመናውን ዋጋ ይቀበላል። የፈታይዋ ድካም ግን እንደ ውኃ መቅዳትና እንደ እህል መፍጨት የቤት ሥራ ተቆጥሮ ከሒሳብ ውጭ ይቀራል። ዛሬ የሹራብ ሠሪዋ ሙያ «የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ» ተብሎ ሲጠራ የምንሰማው የዚህን አሮጌ ስሌት ቅሪት ነው።

ንቀቱም ቢሆን መሠረት የሌለው፣ ከሰው ክፋት ብቻ የመነጨ አልነበረም። በጎንደር አገር ርስት የተነፈጉት ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤላውያን ሽመናን፣ ቀጥቃጭነትንና ሸክላ ሥራን መተዳደሪያቸው አድርገው ኖረዋል። መሬት የያዘው መሬት ያልያዘውን ናቀ፤ ንቀቱም ከሰውየው አልፎ በሙያው ላይ ተለጠፈ። ሸማኔው «ቁጢት በጣሽ» ተባለ፤ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ «ቡዳ» ተባሉ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው የሚሳደብ ሁሉ ከድርጊቱ እንዲታቀብ አዋጅ ቢያስነግሩም፣ ስድቡ በቆመበት የርስት ሥርዓት ላይ የተነካ ነገር ስላልነበረ ቃሉ ከአፍ አልጠፋም። የርስት ሥርዓቱ የተነካው የየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ባደረገ ጊዜ ነው።

ሆኖም ከዚያ ቀደም ብሎ በዚሁ አካባቢ ሌላ መንገድ የጀመሩ ነበሩ። የእስቴ ተወላጅ የሆኑት ዙምራ ኑሩ በፎገራ ወረዳ የአውራምባን ማኅበረሰብ የመሠረቱት በ1964 ዓ.ም. ነው። ማኅበረሰቡ በደርግ ዘመን ማብቂያ ከቀየው ተሰዶ ወደ ቦንጋ አካባቢ ሄደ፤ ሲመለስም ያገኘው መሬት ለእርሻ የማይበቃ ስለነበር ኑሮውን በሽመና ላይ መሠረተ። በአውራምባ ሴቷ በሸማ ዕቃው ላይ ትቀመጣለች፣ ወንዱም እንዝርት ያሾራል። ፎጣው፣ ጋቢውና ብርድ ልብሱም ከዚያው ከመሥሪያው ቦታ ለጎብኚ ይሸጣል። ልናስተውለው የሚገባን ነጥብ እዚህ ላይ ነው፤ የሥራው ቦታና የመሸጫው ቦታ በአንድ እጅ ሲሆኑ አምራቹ ዋጋውን ለማንም ለማስረዳት አይገደድም። ገዢው ሥራውን በዓይኑ ያየዋልና።

የባዛሩ ነገር ከዚህ ይለያል። እስቲ አንዲት የመካነ ኢየሱስ ሹራብ ሠሪ ለዐውደ ዓመት ባዛር ሃያ ሹራቦች ይዛ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ ወረደች እንበል። ለአንዱ ሹራብ ሦስት ቀን ብንሰጥ ሃያው የስልሳ ቀን ሥራ ነው። ከሃያው የስድስቱ ዋጋ ለክር ነጋዴው ይመለሳል። የአራቱ ለዳሱ ኪራይ ይሄዳል፤ ኪራዩም የሚከፈለው ገና አንድ ሹራብ ሳይሸጥ ነው። የሦስቱ ለመጓጓዣ፣ ለማደሪያና ለምግብ ያልቃል። ሰባቱ ሳይሸጡ ይመለሳሉ። ስድስትና አራት አሥር፣ ሦስት ሲጨመር አሥራ ሦስት፣ ከሰባቱ ጋር ሃያ። የስልሳ ቀኑ ድካም ዋጋ ወዴት ገባ? ቁጥሮቹ ለምሳሌ የወሰድናቸው ናቸው፤ በባዛር የቆመች ሴት ሁሉ የራሷን ቁጥር አስገብታ ብታሰላው ግን የሒሳቡ አካሄድ እንግዳ አይሆንባትም። ጎረቤቶቿ የሚያዩት ተሸልማ መሄዷን ነው እንጂ በሌሊት አውቶቡስ ይዛ የተመለሰችውን ጆንያ አይደለም።

በዚህ ላይ ገዢው የልባሽ ጨርቅ ዋጋ በአእምሮው ይዞ ይከራከራታል። ከባሕር ማዶ በኮንትሮባንድ የሚገባው ያገለገለ ሹራብ የሠሪው ደመወዝ በሌላ አገር ተከፍሎ ያለቀ ስለሆነ በማንኛውም ዋጋ ቢሸጥ ለሻጩ ትርፍ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ የጥለቱ መሰረቅ ነው። አንዱ መጥቶ ዋጋ ይጠይቃል፣ በስልኩ ፎቶ ያነሣል፣ ሳይገዛ ይሄዳል። የሐበሻ ቀሚስ ጥለት በፋብሪካ ሕትመት ተኮርጆ በርካሽ ገበያውን ሲያጥለቀልቅ የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች የደረሰባቸውን እናውቃለን። የፈጠራ ባለሙያዋ ከክሩና ከመርፌው ሌላ ያላት ሀብት ያ ጥለት ብቻ ነው።

ይህ ዕጣ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። ከስኮትላንድ በስተሰሜን በሚገኙት የሼትላንድ ደሴቶች ሴቶች ጀርባቸው ላይ ማገዶ ተሸክመው እየሄዱ ጭምር ሹራብ ይሠሩ ነበር። ነጋዴው ለሠሩት የሚከፍላቸው በገንዘብ ሳይሆን በሻይና በጨርቅ ነበር፤ የዕቃውንም ዋጋ የሚተምነው ያው ነጋዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1872 የመንግሥት መርማሪ ኮሚሽን ይህንኑ አሠራር አጣርቷል። እነዚያም ሴቶች በስም ነፃ ነበሩ፤ ማንም አልቀጠራቸውም። በሌላ በኩል በምዕራብ ስኮትላንድ ደሴቶች የሚሸመነው የሃሪስ ሱፍ እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣ ሕግ ተጠብቋል። በደሴቶቹ በተፈተለ ሱፍ፣ በነዋሪው ቤት፣ በእጅ ያልተሸመነ ጨርቅ በዚያ ስም ሊሸጥ አይችልም። የጉናው ባና እንዲህ ያለ ስም ቢኖረው ምን ይጎድልበት ነበር?

«ታዲያ መፍትሔው መደራጀት ነው» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እውነት ነው፤ ነገር ግን ያለፈውን በግልጽ ሳንመረምር ይህን ቃል መድገም አይገባንም። በ1970ዎቹ የእደ ጥበብ ባለሙያዎች በኅብረት ሥራ ማኅበራት እንዲደራጁ ሰፊ እንቅስቃሴ ተደርጎ ነበር። ክር በጋራ መግዛት መቻሉ ትልቅ ድል ነበር። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ማኅበራት ከላይ በመጣ መመሪያ የተቋቋሙ ስለነበሩ አባሉ ማኅበሩን የራሱ አድርጎ አላየውም። ጎበዟና ዳተኛዋ እኩል የሚታዩበት፣ አዲስ ጥለት ያወጣችው ባለሙያ ስሟ የማይጠራበት ማኅበር ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ድጋፉ ሲነሣ መፍረሱ ሊያስደንቀን አይገባም። ጥፋቱ የመደራጀት ሳይሆን ክሩን በጋራ ሲገዙ የእጇን ጥበብም በጋራ መውረስ ነው። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ስለዚህ የጋራ መሆን ያለበት የጋራ ይሁን፣ የግል መሆን ያለበትም የግል ይሁን እንላለን። አምስት ሹራብ ሠሪዎች ክር ከጅምላ ሻጭ በአንድነት ቢገዙ፣ አንድ ዳስ ተከራይተው አንዷ የአምስቱን ሥራ ይዛ ብትሄድና በሚቀጥለው ባዛር ሌላዋ ብትተካት፣ ቀደም ብለን ካሰላነው ኪራይና መጓጓዣ ለእያንዳንዷ የሚደርሰው አንድ አምስተኛ ገደማ ይሆናል። ጥለቱ ግን የፈጠረችው ሴት ነው፤ ስሟም በሹራቡ ላይ ይሰፋ። የኢንዱስትሪ ንድፍን የሚጠብቅ አዋጅ ቁጥር 123/1987 በአገራችን ከወጣ ሦስት አሥርት ዓመታት አልፈዋል። የባዛር አዘጋጆችም ኪራዩን ከሽያጩ በኋላ ቢቀበሉ የሚከስሩት ነገር ያን ያህል አይታየንም።

የቀበሌና የእድር አባላት ድርሻ ደግሞ ከዚህ ይቀርባል። አዳራሹ በሳምንት ስንት ቀን ተዘግቶ ይውላል? በደጋው ከተሞች ያለ ተማሪ ሁሉ ለብርዱ ሹራብ ያስፈልገዋል። የወላጆች ኮሚቴ የተማሪዎቹን የደንብ ልብስ ሹራብ ከሩቅ ነጋዴ ከማስመጣት ይልቅ በሠፈሩ ለሚገኙ ሹራብ ሠሪዎች ቢሰጥና የክሩን ዋጋ በቅድሚያ ቢከፍል፣ ባለሙያዋ ወደ ባዛር የምትወርደው ቸግሯት ሳይሆን የምታሳየው አዲስ ሥራ ሲኖራት ብቻ ይሆናል። ክሩ ተገዝቶ፣ ልኩ ተወስዶ፣ ሥራው ተጀምሮ እስኪያልቅ ጊዜ ይወስዳልና ትእዛዙ ከሰኔ በፊት ካልተሰጠ ሹራቡ ለመስከረም አይደርስም።