«አቋረጠች» ከማለታችን በፊት

የ2012 ዓ.ም. የደመራ ሌሊት ትዝ ይለኛል። የሰፈሩ ደመራ ተለኩሶ ሰዉ ወደየቤቱ ገብቷል፤ እኔና የአክስቴ ልጆች ግን ቴሌቪዥን ላይ ተጥደን የዶሃውን የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች ማራቶን እንጠብቃለን። ሙቀቱን ለመሸሽ ተብሎ ውድድሩ እኩለ ሌሊት ላይ ተጀመረ። ምን ዋጋ አለው፣ በዚያ ሰዓትም ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ፣ የአየሩ እርጥበት ደግሞ ከ70 በመቶ በላይ ነበር። ከተነሱት 68 ሯጮች 28ቱ አቋርጠው ወጡ። የኛዎቹ ሩቲ አጋ፣ ሮዛ ደረጄና ሹሬ ደምሴ ሦስቱም አልጨረሱም።

እኔ ታዲያ ሶፋ ላይ ተቀምጬ፣ ዳቦ እየገመጥኩ፣ «ይሄ ስንፍና ነው!» ብዬ ፖስት አደረግኩ። ላይክ በላይ ሆንኩ። አሁን ሳያት አፍራለሁ።

ስንሮጥ ጡንቻ ከሚያቃጥለው ጉልበት ሦስት አራተኛ ያህሉ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ይህን ሙቀት የሚከታተለው ሃይፖታላመስ የሚባል ትንሽ የአንጎል ክፍል ነው። ከቆዳና ከውስጥ አካል በነርቭ የሚደርሰውን ወሬ ይሰበስብና ለላብ ዕጢዎች «ላብ አውጡ»፣ ለቆዳ የደም ሥሮች «ተከፈቱ» የሚል ትእዛዝ ይልካል።

ከዚህ በኋላ ያለው የበጀት ጉዳይ ነው (ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ይቅር በሉኝ)። ደም የተወሰነ ነው፤ ጠያቂው ግን ሁለት። ጡንቻ ኦክስጅን አምጡ ይላል፣ ቆዳ ሙቀቱን ላስወጣበት ይላል። ላብ በፈሰሰ ቁጥር ደግሞ በጀቱ ራሱ እየመነመነ ይሄዳል። እንደ ዶሃ ባለ እርጥብ አየር ላቡ ይንጠባጠባል እንጂ እንደልቡ አይተንም፤ ሰውነትን የሚያቀዘቅዘው ደግሞ መትነኑ ነው። በዚህን ጊዜ አንጎል ወጪ ይቀንሳል። ወደ ጡንቻ የሚልከውን ትእዛዝ ያላላል፣ ድካሙን አጉልቶ ያሰማል። እግር የሚከብደው ለዚህ ነው።

ይህን ምልክት ማፈን ይቻላል፤ አስፈሪውም እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ጥናት ብስክሌተኞች ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን የተባሉትን የአንጎል መልእክተኞች የሚያበዛ የድብርት መድኃኒት ወሰዱ። በ18 ዲግሪ ለውጥ አልታየም። በ30 ዲግሪ ግን ፈጠኑ፤ ሰውነታቸው ይበልጥ ቢግልም ድካሙ የባሰ አልመሰላቸውም። እንግሊዛዊው ብስክሌተኛ ቶም ሲምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1967 ቱር ደ ፍራንስ ላይ፣ የቫንቱን ተራራ በጠራራ ፀሐይ ሲወጣ ወደቀ። ብስክሌቱ ላይ መልሰው አስቀመጡት። ትንሽ ሄዶ እንደገና ወደቀ፤ ሞተ። ሰውነቱ ውስጥ አምፌታሚን ተገኘ። «ወኔ» እያልን የምንጠይቀው ነገር አንዳንዴ ይሄ ነው።

«ታዲያ ወንዶቹስ? ሌሊሳ ዴሲሳና ሞስነት ገረመው እዚያው ዶሃ አንደኛና ሁለተኛ አልወጡም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ወጥተዋል፣ እኔም ጨፍሬያለሁ። ነገር ግን እነሱ የሮጡት በሳምንቱ፣ ሙቀቱም እርጥበቱም ቀለል ባለበት ሌሊት ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለሯጮቹ አይደለም። በዚያ አየር «ተነሱ» ብሎ ሽጉጥ የተኮሰው አካል ነው መጠየቅ ያለበት። የቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን ሙቀት ፈርተው ወደ ሳፖሮ ያዛወሩት ከዚያ ሌሊት በኋላ፣ ወር እንኳ ሳይሞላ ነው። መዘዋወር ከተቻለ ዶሃ ላይ ለምን አልተቻለም?

ፖስቷን አላጠፋኋትም። ይህን ጽሑፍ ከሥሯ እለጥፈዋለሁ።