ሕጉን ቀንሱ፣ ውድቀቱን ግን አትቀንሱ

ወዳጆቼ፣ ዛሬ የምጽፈው ስለ ጨዋታ ነው። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ የምሬን ነው።

ዘጠነኛ ክፍል ገብቼ «መልሱ ምንድነው?» ስል እጅ ይወጣል። «አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ስል ግን ክፍሉ ጸጥ ይላል። ልጆቹ ሰነፍ ሆነው አይደለም፤ ብዙዎቹን እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው ሰው ስላልነበረ ነው። ስለዚህ 15 ዓመት እስኪሞላቸው መጠበቅ የለብንም፤ በ5 እና በ6 ዓመታቸው እንጀምር እላለሁ። ለዚያ ደግሞ ከጨዋታ የተሻለ መንገድ አላየሁም።

ሮል ፕሌይንግ የሚባለውን የጠረጴዛ ጨዋታ የማታውቁት ትኖራላችሁ። የኮምፒውተር አይደለም። ጥቂት ሰዎች ይሰበሰባሉ፤ አንዱ ታሪክ ይጀምራል፣ ሌሎቹ የታሪኩ ሰዎች ሆነው የሚያደርጉትን ይናገራሉ። ይሳካ አይሳካ አጠራጣሪ ሲሆን ዳይስ ይጣላል። ዝነኛው «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» በፈረንጆቹ 1974 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ሲሆን ፈጣሪዎቹ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ናቸው። የ2014ቱ የተጫዋቾች መመሪያ ብቻ ከ300 ገጽ በላይ ነው። ይህን አይቶ «ለሕፃን አይሆንም» ማለት ይቀላል። ግን እኮ ሕጉን መቀነስ ይቻላል። «ሂሮ ኪድስ» የሚባለው ከ4 እስከ 10 ዓመት ላሉ ልጆች ተብሎ የተዘጋጀ ነው።

መግዛትም የግድ አይደለም። የሉዶ ዳይስ ይበቃል፤ እሱም ከሌለ ከ1 እስከ 6 ወረቀት ላይ ጽፎ ዕጣ ማውጣት ነው። እኔ ከእህቴ ልጆች ጋር የምጫወትበት ሕግ ይኸው፦

እያንዳንዱ ልጅ ስም ይመርጣል። አንድ ጎበዝ የሆነበትን ነገርም ይመርጣል፤ መሮጥ፣ መደበቅ ወይም ከእንስሳ ጋር ማውራት ሊሆን ይችላል። ቀላል ነገር ያለ ዳይስ ይሳካል። ለከባዱ ዳይስ ይጣላል፤ 4 ወይም ከዚያ በላይ ከመጣ ተሳካ። ጎበዝ የሆነበት ነገር ከሆነ ሁለት ጥሎ ትልቁን ይወስዳል። በቃ። (ለሒሳብ ወዳጆቼ፦ በአንድ ዳይስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው፣ በሁለት 75 በመቶ ይሆናል። ልጁ «በምችለው ልሞክር» ሲል ቀመሩን ሳያውቅ ፕሮባብሊቲ ጀመረ ማለት ነው።)

አንድ ቀን ድልድይ ላይ ጅብ አቆምኩባቸው። ትልቁ ልጅ ዱላ ፈለገ። የ6 ዓመቷ ግን «ጅቡ እራት በልቷል?» ብላ ጠየቀችኝ። ቆዳ ሰጥተው ሊያታልሉት ዳይስ ጣሉ፤ 2 መጣ። ጅቡም ቆዳውን ዋጥ አድርጎ «ሌላስ?» አለ። ሳቁ፤ ከዚያ ተጠጋግተው መመካከር ጀመሩ።

ብዙ ወላጅ እዚህ ጋ ልጁ እንዳይከፋው ብሎ «ድጋሚ ጣል» ይላል። አትበሉ! ዳይሱ እምቢ ሲል ታሪኩ ይወሳሰባል እንጂ አይቆምም። ልጁ አይሞትም፣ አይባረርም፤ ሌላ ዘዴ መፈለግ ብቻ ነው ያለበት። አንድ ፈተና ወድቆ ትምህርቱን እርግፍ አድርጎ የሚተው ተማሪ አስተማሪ ሁሉ ያውቃል። «ሌላስ ምን ልሞክር?» ማለትን በልጅነቱ ቢለምድ ኖሮ እላለሁ።

ሌላው፣ ታሪኩን ራሳችሁ አትጨርሱት። ተረት ስንነግራቸው ልጆች አድማጭ ናቸው፤ እዚህ ግን ግማሹ ተረት የእነሱ ነው። መጨረሻው ላይም ምክር አትለጥፉበት።

«ጥንቆላና ጋኔን ያለበት ጨዋታ ነው» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አሜሪካም በ1980ዎቹ ይኸው ክስ ነበር። ታሪኩን የምትመርጡት ግን እናንተ ናችሁ። ጦጣና አንበሳ እያሉልን ጋኔን ምን ያደርግልናል?

«ጊዜ የለኝም» ለምትሉም ግማሽ ሰዓት ይበቃል፤ ትንሽ ልጅ ከዚያ በላይ ቁጭ አይልም። መብራት የጠፋበት ማታማ ለዚህ የተፈጠረ ነው።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ አንዳንዶቻችሁ ወላጅ ሆናችኋል። እስቲ ዛሬ ማታ «ጊደሯ ጫካ ውስጥ ጠፍታለች፣ እየመሸ ነው፤ ምን ታደርጊያለሽ?» በሏት። ከዚያ ዝም ብላችሁ ጠብቁ። ዝምታው ቢረዝምም መልሱን አትንገሯት። ምን እንዳለች ግን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።