ለስደት የሚገኘው ገንዘብ ለሥራ ስለ ምን ይታጣል?



ገንዘብ ያለው ሰው ከባለሙያ ጋራ ትርፍንም ኪሳራንም ተካፍሎ ቢሠራ፥ ለእኛ ለቆቦ ልጆች ምን ይጠቅመናል? አሳቤን ከዚህ በታች እገልጻለሁ።

በአሜሪካ አገር ዛዝል የተባለ ድርጅት አለ። ደንበኛው ራሱ የመረጠውን ሥዕልና ጽሕፈት በቲሸርትና በኩባያ ላይ እያተመ በኢንተርኔት ይሸጣል። በ1997 ዓ.ም. ክላይነር ፐርኪንስ የተባለው ማኅበር ያለበት የባለገንዘቦች ቡድን 16 ሚሊዮን ዶላር አገባበት። ይህ ብድር አይደለም። ድርጅቱ ቢያተርፍ ድርሻ ያገኛሉ፤ ቢከስር ግን ገንዘባቸው አብሮ ይጠፋል።

በዚያው ዓመት ገደማ ወይዘሮ ቤተልሔም ጥላሁን ዓለሙ በአዲስ አበባ በዘነበ ወርቅ ሰፈር ሶል ሬብልስ የተባለውን የጫማ ሥራ አቋቋሙ። ከአሮጌ ጎማና በእጅ ከተፈተለ ጥጥ የተሠራው ጫማ በኢንተርኔት እስከ ውጭ አገር ተሸጠ። መነሻው ግን ከቤተ ሰብ የተሰበሰበ፥ 10 ሺህ ዶላር እንኳ ያልሞላ ገንዘብ ነበር። እንግዲህ የጎደለን ሙያ አይደለም፤ አብሮ ለመክሰር የሚደፍር ባለገንዘብ ነው።

ይህ ነገር ለራያ ሰው እንግዳ አይደለም። መሬት ያለው በሬ ካለው ጋራ እኩል ያርሳል። ጎርፉ ከተራራ ወርዶ ማሽላው ሲያፈራ ሁለቱም ይጠግባሉ፤ ዝናብ ሲቀር ሁለቱም ይጎዳሉ። ብድር ግን ማሽላው ቢደርቅም ቀኑን ጠብቆ ይጠይቃል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ከብትና የሥራ መሣሪያ ለብድር መያዣ እንዲሆኑ ፈቅዷል። መልካም ነው፤ ነገር ግን ሥራው ባይሳካ መያዣው ይሄዳል።

በትእዛዝ የሚሠራ ሥራ ደግሞ ለጀማሪ ይስማማል። ሸማኔው ጥለቱን፥ ልብስ ሰፊው ልኩን የሚሠራው ከታዘዘ በኋላ ነው። ደንበኛው ቀብድ ይሰጣል፤ ያልተሸጠ ዕቃም በመጋዘን አይከመርም። ባለገንዘቡ የሚያስፈልገው ለማሽን፥ ለክርና ለመላኪያ ነው።

«ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» የሚል አይጠፋም። መልሱ መራራ ነው። ከወረዳችን ብዙ ወጣቶች በጅቡቲና በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ይሰደዳሉ። ለደላላ የሚከፈለውም ከብት ተሸጦ፥ ብድር ተወስዶ ነው። ወላጆች ሆይ፥ ይህም እኮ ይቀናል አይቀናም በማይታወቅ ነገር ላይ የወጣ ገንዘብ ነው! የልብስ ሰፊ ሥራ ቢከስር የሚጠፋው ገንዘብ ነው፤ ይህ ቢከስር ግን ልጅም ይጠፋል።

ኢንተርኔቱም እንቅፋት አለው። በሐምሌ ወር 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። ስለዚህ የመጀመሪያው ደንበኛ በቆቦ፥ በወልድያና በአላማጣ ገበያ ይፈለግ፤ የሩቁ ደንበኛ ቀጥሎ ይመጣል።

ተካፍሎ መሥራት ያለ መተማመን አይቆምም። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ገቢና ወጪ በመዝገብ ይያዝ። መምህሮቻችን የሒሳብ አያያዝን ያስተምሩን። ዐሥር ወላጆች አንድ በሬ የሚሸጥበትን ዋጋ አዋጥተው አንድ ትጉህ ወጣት ቢያሠሩ፥ ባይሳካ እንኳ የእያንዳንዱ ጉዳት ጥቂት ነው፤ ልጁም ከአገሩ አይርቅም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህ ነው።