የብልህ አሽከር ድል ለማን ነው?

ብልህ አሽከርና ሥራ ፈት ጌታ በአንድ ጣራ ሥር የሚገናኙበት ኮሜዲ ሁሉ የአሽከሩ ድል ነው የሚሉ አንባቢዎችና ሐያስያን አሉ። ለአባባላቸው ዋና ምስክር አድርገው የሚጠሩትም እንግሊዛዊውን ደራሲ ፒ. ጂ. ዉድሃውስን ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1915 እስከ 1974 በዘለቁት ድርሰቶቹ፣ በርቲ ዉስተር የተባለው የለንደን ወጣት ባለጸጋ በገዛ ጅልነቱ ከሚዘፈቅበት ማጥ ሁሉ የሚወጣው ጂቭስ በተባለው የግል አሽከሩ ብልሃት ነው። ጌታው ቂል፣ አሽከሩ ሊቅ ከሆነ ድርሰቱ የባላባቱን መደብ አዋርዷል ማለት ነው ይላሉ።

ይህ ፍርድ ገለባውን ከፍሬው አልለየም። አእምሮ የሚመዘነው በስለቱ ብቻ አይደለም፤ ምን እንደተቆረጠበትም ይጠየቃል።

በ1938 የታተመው «የዉስተሮች ደንብ» ማስረጃ ይሆናል። በዚያ ልብ ወለድ የለንደን አሽከሮች የራሳቸው ክበብ አላቸው፤ እያንዳንዱ አባልም የጌታውን ጠባይና ገመና በክበቡ መዝገብ ላይ ማስፈር አለበት። ጂቭስ ከዚህ ክበብ ባገኘው ምስጢር የጥቁር ቁምጣ ለባሾችን መሪ ሮደሪክ ስፖድን ዝም ያሰኛል። ስፖድ የጊዜው የእንግሊዝ ፋሺስቶች መሪ የኦስዋልድ ሞዝሊ መሳለቂያ ምስል ነውና ደራሲው በፋሺስት ላይ መሣቁ ያስመሰግነዋል። ነገር ግን የጌቶች ገመና ሁሉ የተጻፈበት መዝገብ በአሽከሮች እጅ ሳለ ምን ተሠራበት? ጌታ ከጭንቅ ዳነበት። ከዚያ በላይ አልተፈለገበትም።

በ1934 የወጣው «አመሰግናለሁ፣ ጂቭስ» ከዚህ ይብሳል። እዚህ ላይ ጂቭስ ጌታውን ጥሎ ይሄዳል። ምክንያቱ የደመወዝ ማነስ ወይም የክብር መነካት አይደለም፤ በርቲ ባንጆሌሌ የተባለውን የክር መሣሪያ መምታቱን አልተውም ስላለ ነው። በምትኩ የሚቀጠረው ብሪንክሊ ደግሞ አብዮት ያሤራል ተብሎ በበርቲ የሚጠረጠር፣ ፊቱ የጠቆረ አሽከር ነው። የዚህ ሰው ዕጣ ምንድን ነው? ሰክሮ፣ ቢላዋ ይዞ ጌታውን ያሳድዳል፤ የሚኖሩበትንም የገጠር ቤት ያጋያል። እንግዲህ አንባቢው በሣቁ መካከል ሳያውቀው የሚቀበለው ትምህርት ይህ ነው፤ የሚታዘዝ አሽከር ሊቅ፣ የሚያጉረመርም አሽከር እብድ።

«ይህ ለመዝናኛ የተጻፈ ነው፤ ፖለቲካ አይፈለግበትም» የሚል መከራከሪያ ይቀርባል። ለመዝናኛም ቢሆን ቤቱን የሚያቃጥለው ማን እንደሚሆን የመረጠው ደራሲው ነው። ፈረንሳዊው ቦማርሼም የጻፈው ኮሜዲ ነበር። ሆኖም «የፊጋሮ ጋብቻ» በ1784 ፓሪስ ውስጥ ለሕዝብ እስኪታይ ድረስ ንጉሥ ሉዊ 16ኛ ከልክሎት ቆይቷል። ፊጋሮ ብልሃቱን የሚያውለው ጌታው እጮኛውን እንዳይደፍርበት ነው፤ የጌትነትንም መሠረት በተመልካች ፊት ይመረምራል። ያስፈራው የአሽከሩ ብልሃት ብቻ ሳይሆን ብልሃቱ የዋለበት ተግባር ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል ዉድሃውስ አይነበብ ማለት አይደለም። በአብዛኞቹ ታሪኮች ተራኪው ቂሉ በርቲ ራሱ መሆኑ፣ ቂልነቱንም በገዛ አንደበቱ ማጋለጡ፣ የኮሜዲ ጸሐፊ ሁሉ ሊማርበት የሚገባ ጥበብ ነው። መምህሩም በክፍል ውስጥ ሊያስተምረው ይገባል። የሚነቀፈው ሣቁን ተቀብሎ፣ ሣቁ የሚጠብቀውን ሥርዓት ሳይመረምሩ ማለፍ ነው። ስለዚህ ብልህ አሽከርን በመድረክ ላይ የሚያቆም ተውኔት ጸሐፊ አስቀድሞ ለራሱ አንድ ጥያቄ ይመልስ፤ መጋረጃው ሲዘጋ ሻይ የሚያቀርበው ያው ሰው ከሆነ ድሉ የማን ነው?