ደብተሩ ሲዘጋ ምን ይቀራል?

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ትምህርት ቤቶች የሚከፈቱበት ወቅት ሲቃረብ ወላጆች የሚያነሱት ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ ልጄ በቀን ስንት ሰዓት ያጥና? የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል የሳይንስ ትምህርትን በሚመለከት ግን ጥያቄው ራሱ መለወጥ ያለበት ይመስለኛል።

በዚህ ዕድሜ ያለ ተማሪ ምዕራፉን አምስት ጊዜ አንብቦ፣ ዋና ዋናውን በቀለም አስምሮ፣ «ገብቶኛል» ይላል። አይዋሽም። ዓይኑ የለመደውን ጽሑፍ ያወቀው ይመስለዋል። ፈተናው ሲመጣ ሐሳቡ ይጠፋበታል፤ ወላጅም «ሰነፍ» ይለዋል፣ ልጁም «ሳይንስ አይሆንልኝም» ብሎ ይደመድማል። በአሥራ ሦስት ዓመት የተደረሰበት እንዲህ ያለ ድምዳሜ ብዙ ልጆችን ከሐኪምነትና ከመሐንዲስነት ሕልማቸው ያለያያል።

ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2006 ያሳተሙት ጥናት ይህን ስሕተት በግልጽ ያሳያል። ተማሪዎቹ አንዱን ጽሑፍ ደግመው እንዲያነቡ፣ ሌላውን ደግሞ ሳያዩ ያስታወሱትን እንዲጽፉ ተደረገ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ደግመው ያነበቡት በልጦ ተገኘ። ከሳምንት በኋላ ግን ካነበቡት ያስታወሱት 42 በመቶ ገደማ፣ ሳያዩ ከጻፉት ደግሞ 56 በመቶ ገደማ ሆነ። በእርግጥ ተፈታኞቹ የኮሌጅ ተማሪዎች ነበሩ፤ ነገሩ ለታዳጊዎችም እንደሚሠራ ግን በቤታችን ልንሞክረው እንችላለን።

አንድ ምሳሌ ላንሳ። ወቅቶች የሚፈራረቁት መሬት በ23.5 ዲግሪ ያዘመመች በመሆኗ እንደሆነ ተማሪው በቃሉ ይወጣዋል። «ታዲያ ዱባይ በጁላይ ለምን ይሞቃል?» ብለን ብንጠይቀው ግን «መሬት ወደ ፀሐይ ስለምትቀርብ» ሊል ይችላል። እውነቱ ተቃራኒው ነው፤ መሬት ለፀሐይ እጅግ የምትቀርበው በጃንዋሪ መጀመሪያ ሲሆን ርቀቱም 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በጁላይ መጀመሪያ ወደ 152 ሚሊዮን ትርቃለች። ቁጥሩን ሸምድዷል፣ ምክንያቱን ግን አልጨበጠም።

ስለዚህ ከመምህራን የምንጠብቀው በየክፍለ ጊዜው መግቢያ ላይ ካለፈው ሳምንት ትምህርት ሁለት ጥያቄዎችን፣ ደብተር ተዘግቶ፣ ያለ ማርክ እንዲጠይቁ ነው። ማርክ ከገባበት ልጁ መሳሳትን ይፈራል። ሙከራ ከመሠራቱ በፊትም ተማሪው ይሆናል ብሎ የሚገምተውን ይጻፍ፤ ግምቱ ሲከሽፍ ነው ምክንያቱን መፈለግ የሚጀምረው። የደብተር ንጽሕና መልካም ነው፤ ሆኖም ከሚገባው በላይ ማርክ ሲያሰጥ አይቻለሁ።

«እኔ እንግሊዝኛውን አላውቀውም፣ እንዴት ልርዳው?» ለምትል እናት ደግሞ አለማወቋ ጥቅም አለው። ልጇ በእንግሊዝኛ ወይም በዓረብኛ የተማረውን በአማርኛ እንዲያስረዳት ትጠይቀው። የመጽሐፉን ዓረፍተ ነገር መድገም ስለማይችል ሐሳቡን ራሱ መፈለግ ይኖርበታል። ዛሬ ማታ ሻይ እየተጠጣ እንዲህ ብትለው ይበቃል፦ «አዲስ አበባም ዱባይም ከምድር ወገብ በስተሰሜን ናቸው፤ ታዲያ በሐምሌ እዚያ ብርድ ልብስ የምንደርበው፣ እዚህ ከቤት መውጣት የሚያቅተን ለምንድን ነው?» ስለ ደመናውና ስለ ከፍታው እስኪደርስበት ድረስ ትታገሠው።